ለቢሮ የተላከ ኢሜይል የማን ሳጥን ውስጥ ይገባል? የአሊያስና የተጠቃሚ ደንቦች አሠራር፣ ደረጃ በደረጃ

የራሱን ዶሜይን ገዝቶ ኢሜይል ሰርቨር የተከለ ቢሮ ሁሉ አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ይመጣበታል፦ «ላኪው ልኬያለሁ ይላል፣ ታዲያ የት ገባ?» መልሱ ብዙ ጊዜ ኔትወርኩ ላይ አይደለም። ሰርቨሩ ደንቦቹን በሚያነብበት ቅደም ተከተል ላይ ነው። ቅደም ተከተሉን ያወቀ ሰው የጠፋውን ኢሜይል ፈልጎ ያገኘዋል። ያላወቀው ፓስወርድ ሲቀይርና ሰርቨር ሪስታርት ሲያደርግ ይውላል።

ለምሳሌ እንዲሆነን አንድ የእህልና የማር ንግድ ቤት እናስብ። ዋና ቢሮው ደሴ ነው። መጋዘኑ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ፣ ቅርንጫፉ ደግሞ ወልዲያ። ሰዓዳ ሒሳብ ትይዛለች፣ ይመር ሽያጭ ላይ ነው፣ ከድር መጋዘኑን ይጠብቃል፣ ማርታ ኮምፒውተሩን ታስተዳድራለች። ሰርቨሩ ላይ ያለው ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን የሚባል ሊኑክስ ነው። ፖስትፊክስ ደብዳቤ ይቀበላል፣ ዶቭኮት ሳጥን ውስጥ ያስገባል። የትዕዛዞቹንና የፋይሎቹን ስም በፊደላችን እጽፋለሁ፤ ሰርቨሩ ላይ ስትተይቡ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ የሥራ አድራሻና የሰው አድራሻ

እኛ አገር ደብዳቤ በአብዛኛው በር ድረስ አይመጣም። ቢሮው አንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር አለው። ተላላኪው ሄዶ ያወጣና ለየክፍሉ ያድላል። ሰርቨሩ ላይ የተላላኪውን ሥራ የሚሠራው አሊያስ ነው። «ሽያጭ» የሚለው አድራሻ ሰው አይደለም። ሳጥን የለውም፣ ፓስወርድ የለውም። «ሽያጭ ማለት ይመርና ከድር ናቸው» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አቋሜ ጥብቅ ነው። «ሽያጭ» የሚል አካውንት ከፍታችሁ ፓስወርዱን ለአራት ሰው አትስጡ። ማን አንብቦ ማን እንደመለሰ አይታወቅም። ከአራቱ አንዱ ሥራ ሲለቅ ፓስወርዱ አብሮት ይሄዳል።

የተገላቢጦሹም ያው ጉዳት አለው። ላሊበላ ያለ የእንግዳ ማረፊያ የመያዣ አድራሻው የአንዲት ተቀባይ ስም ከሆነ፣ እሷ በለቀቀች ማግስት ለገና የሚመጣው እንግዳ ለተዘጋ ሳጥን ይጽፋል። ድረ ገጹና የታተመው ካርድ ላይ ያለው የሥራው አድራሻ ቢሆን ኖሮ ከኋላው ያለውን ሰው መቀየር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር።

የትኞቹን ስሞች እንክፈት ለሚል ሰው በ1997 የወጣ አርኤፍሲ 2142 የሚባል ስምምነት አለ። ኢንፎ፣ ሴልስ፣ ሰፖርት፣ አቢዩዝ፣ ፖስትማስተር የሚሉትን ስሞች ይዘረዝራል። ፖስትማስተር ግን ምርጫ አይደለም። ኢሜይል የሚቀበል ዶሜይን ሁሉ ሊኖረው ግድ ነው። ሌላ ሰርቨር ከእናንተ ጋር ችግር ሲገጥመው የሚጽፈው ወደዚያ ነው።

ደረጃ 1፦ ዶሜይናችሁ ከየትኛው ወገን እንደሆነ እወቁ

አብዛኛው ሰው ይህን ይዘላል፤ አብዛኛው ጣጣም የሚመጣው ከዚህ ነው።

ፖስትፊክስ የራሱን ዶሜይኖች በዋናነት በሁለት መንገድ ይይዛል። አንዱ ሎካል ነው። ተጠቃሚዎቹ እዚያው ሰርቨር ላይ የሊኑክስ አካውንት ያላቸው ሰዎች ናቸው። ሌላው ቨርቹዋል ሜይልቦክስ ነው። ተጠቃሚዎቹ በሠንጠረዥ ወይም በዳታቤዝ የተመዘገቡ ስሞች ናቸው፤ የሊኑክስ አካውንት የላቸውም።

ልዩነቱ ይህን ያህል የሚያስጨንቀው ለምንድን ነው? በኢቲሲ ፎልደር ውስጥ ያለውን አሊያስስ የተባለ ፋይል የሚያነበው የሎካሉ ክፍል ብቻ ስለሆነ ነው። ማርታ ዶሜይኑን ቨርቹዋል አድርጋ «ሽያጭ»ን እዚያ ፋይል ላይ ብትጽፈው ማንም አያነበውም። ላኪው «እንዲህ ያለ ተጠቃሚ የለም» የሚል ባውንስ፣ ማለትም ደብዳቤው አልደረሰም የሚል መልስ፣ ይደርሰዋል። እሷ ደግሞ ፋይሉን ደጋግማ ከፍታ «ይኸው ጽፌዋለሁ እኮ!» ትላለች። እውነቷን ነው፤ የጻፈችበት ቦታ ነው ያልሆነው።

ለማረጋገጥ ፖስትኮንፍ የሚለውን ትዕዛዝ አስጀምሩና ማይዴስቲኔሽንን (የሎካል ዶሜይኖቹን ዝርዝር) ጠይቁ። ቀጥሎ ቨርቹዋል ሜይልቦክስ ዶሜይንስን ጠይቁ። ዶሜይናችሁ ከሁለቱ በአንዱ ብቻ መገኘት አለበት። ሁለቱም ላይ ካለ ፖስትፊክስ ሎጉ ላይ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፤ አንዱን አውጡ።

ደረጃ 2፦ አሊያሱን በትክክለኛው ፋይል ጻፉ

ሎካል ከሆናችሁ አሊያስስ ፋይሉ እንዲህ ይመስላል፤ በግራ ስሙ፣ ቀጥሎ ሁለት ነጥብ፣ በቀኝ ተቀባዮቹ።

ፖስትማስተር: ሩት
ሩት: ማርታ
ሽያጭ: ይመር, ከድር
ሒሳብ: ሰዓዳ

ሰርቨሩ ሰንሰለቱን ተከትሎ ይሄዳል። ለፖስትማስተር የመጣው ወደ ሩት፣ ከሩት ወደ ማርታ ይደርሳል። ሩት የሚለውን መስመር አትርሱ። ሩት የሲስተሙ ዋና አካውንት ነው። የጊዜ ሰሌዳ ሥራዎች ስህተት፣ ያልተሳካ ባክአፕና የመሳሰለው ማስጠንቀቂያ ወደዚያ ነው የሚላከው። ወደ ሰው ካልተመራ ማስጠንቀቂያው ማንም በማይከፍተው ሳጥን ተከማችቶ ይቀራል።

ፋይሉን ካስቀመጣችሁ በኋላ ኒውአሊያስስ የሚለውን ትዕዛዝ አስጀምሩ። ፖስትፊክስ የሚያነበው የጻፋችሁትን ጽሑፍ ሳይሆን ከእሱ የተሠራውን ማውጫ ነው። ትዕዛዙን ከዘለላችሁ ሰርቨሩ በአሮጌው ማውጫ ይሠራል። ዴቢያን ላይ በፖስትፊክስ ፋንታ ኤግዚም የሚባለውን ፕሮግራም የምትጠቀሙ ግን ይህ አያስፈልጋችሁም፤ ኤግዚም እዚያ ጽሑፉን በቀጥታ ያነባል።

ቨርቹዋል ከሆናችሁ ደንቡ የሚጻፈው ቨርቹዋል አሊያስ ማፕስ በሚለው ቅንብር በተጠቆመው ፋይል ነው። አጻጻፉም ይለያል። ሁለት ነጥብ የለውም፤ በመካከል ክፍት ቦታ ብቻ ነው። አድራሻዎቹም ከነዶሜይናቸው ሙሉ ሆነው ይጻፋሉ።

ሽያጭ@ዶሜይናችን   ይመር@ዶሜይናችን, ከድር@ዶሜይናችን

ማውጫው የሚሠራውም በፖስትማፕ ነው፤ ኒውአሊያስስ ይህን ፋይል አይነካውም። ከአንዱ ፋይል መስመር ገልብጣችሁ ሌላው ላይ ስትለጥፉ ሁለት ነጥቡን ተጠንቀቁ፤ አብሮ ከመጣ መስመሩ አይሠራም።

ቨርቹዋል አሊያስ ከሎካሉ ይቀድማል። ደብዳቤው ወደ ወረፋ ሲገባ፣ ማንኛውም የማድረስ ሥራ ሳይጀመር የሚታይ ነው። ተቀባዩ ሎካልም ይሁን ቨርቹዋል ወይም ውጭ አገር ያለ ሰርቨር፣ ይህን ሠንጠረዥ ያልፋል። ከዚህ የተነሣ የሚመጣ አንድ ወጥመድ አለ። «በስህተት የተጻፈ አድራሻ ሁሉ ወደ ማርታ ይምጣ» ብላችሁ ከፊቱ ስም የሌለው፣ በዶሜይኑ ብቻ የሚጀምር መስመር ብትጨምሩ፣ የይመርም የሰዓዳም ደብዳቤ ማርታ ጋ ይገባል። ሰርቨሩ ሳጥን መኖሩን ከማየቱ በፊት አሊያሱን ስለሚያይ ነው። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ባለ ሳጥን «ይመር ወደ ይመር» የሚል መስመር መጻፍ ነው። እኔ ግን ሁሉን ሰብሳቢ አድራሻ ባትከፍቱ እመርጣለሁ። ስፓም ላኪዎች የሚገምቷቸው ስሞች በሙሉ ይገቡላቸዋል። በስህተት የጻፈው ደንበኛም ባውንስ ስለማይደርሰው ስህተቱን አያውቅም።

ሎካሉ አሊያስስ ፋይል ከሰው ስም ሌላም ይቀበላል። ፋይል ላይ መጨመር፣ ፕሮግራም ማስነሣት፣ ወይም ኢንክሉድ በሚል ቃል ሌላ የስም ዝርዝር መጥራት ይቻላል። ኢንክሉድን እወደዋለሁ። የወልዲያ ቅርንጫፍ ሠራተኞች ዝርዝር በራሱ ፋይል ይቀመጥና ቅርንጫፉ ራሱ ያድሰዋል። ያ ፋይል በየጊዜው ስለሚነበብ ኒውአሊያስስ አያስፈልገውም። ፕሮግራም ማስነሣቱን ግን በጣም ካላስፈለጋችሁ ተዉት።

ስለ ባለቤት አድራሻም ልንገራችሁ። «ሁሉም» የሚል አሊያስ ውስጥ ሃያ ሰው አለ እንበል። አንዱ ሳጥኑ ተዘግቷል። ባቲ ያለ ደንበኛ ለ«ሁሉም» ሲጽፍ ስሙን ሰምቶት ስለማያውቅ ሰው ባውንስ ይመጣበታል። ደብዳቤው ለማንም ያልደረሰ ይመስለዋል። ይህን ለማስቀረት ከአሊያሱ ስም በፊት ኦውነር የሚል ቃልና ሰረዝ ያለው ሌላ አሊያስ ክፈቱና ወደ ማርታ ምሩት። ፖስትፊክስ በሎካሉ ወገን ይህን ካገኘ ባውንሱን ወደ ደንበኛው ሳይሆን ወደ ማርታ ይልካል። የሞተውን አድራሻ ማውጣት ያለባት እሷ ናት።

ደረጃ 3፦ የተጠቃሚው የራሱ ፎርዋርድ

ሎካሉ ክፍል አንድ ስም ሲቀበል መጀመሪያ አሊያሱን ያያል። ቀጥሎ የሰውየውን ዶት ፎርዋርድ ፋይል ያያል። ከዚያ ነው ወደ ሳጥኑ የሚሄደው። ስለዚህ «ከድር» የሚባል አሊያስም «ከድር» የሚባል ተጠቃሚም ካለ አሊያሱ ያሸንፋል። ከድር ኢንቦክሱ ባዶ ሆኖ ቢያገኘው አትደነቁ።

ዶት ፎርዋርድ በተጠቃሚው ቤት ፎልደር ውስጥ ያለ፣ ስሙ በነጥብ የሚጀምር ፋይል ነው። ከድር መጋዘን ሲውል ደብዳቤው ይመርም ጋ እንዲደርስ ከፈለገ እንዲህ ይጽፋል፦

\ከድር, ይመር

ከፊት ያለችው ያዘመመች ሰረዝ «እዚህ ቁም፣ አሊያስም ፎርዋርድም አትፈልግ፣ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጥ» ማለት ነው። ያለ እሷ «ይመር» ብቻ ቢጻፍ ለከድር ቅጂ አይቀርለትም። የፋይሉ ባለቤት ራሱ ከድር ወይም ሩት መሆን አለበት። ማንም ሊጽፍበት የሚችል ሆኖ ከተገኘ ፖስትፊክስ ችላ ብሎት ያልፋል። «ጽፌዋለሁ ግን አይሠራም» የሚል ሰው ሲመጣባችሁ መጀመሪያ ፈቃዱን እዩ።

ቨርቹዋል ተጠቃሚዎች ዶት ፎርዋርድ የላቸውም። ለእነሱ ሲቭ አለ።

ደረጃ 4፦ ሲቭ

ሲቭ ደብዳቤው ሳጥኑ በር ላይ ሲደርስ የሚሠራ የማጣሪያ ቋንቋ ነው። አርኤፍሲ 5228 ላይ በ2008 ተደንግጓል። የሚሠራው ግን ፖስትፊክስ ደብዳቤውን ለዶቭኮት ካስረከበ ነው፤ የተለመደው የማስረከቢያ መንገድ ኤልኤምቲፒ ይባላል። ፖስትፊክስ በቀጥታ ፋይል ላይ ከጻፈ ሲቩን የሚያስነሣው የለም። ይህን መጀመሪያ አረጋግጡ። ራውንድኪዩብን የመሰለ ዌብሜይል ካላችሁ ሠራተኛው ኮድ ሳይጽፍ ደንቡን ከገጹ ላይ ማውጣት ይችላል።

ደንቦቹ ከላይ ወደ ታች ይነበባሉ። ምንም ደንብ ካልነካው ደብዳቤው ኢንቦክስ ይገባል። ፋይልኢንቱ ወደ ፎልደር፣ ሪዳይሬክት ወደ ሌላ አድራሻ ይወስደዋል። ከሁለቱ አንዱ ከሠራ ኢንቦክስ የሚገባው ቅጂ ይቀራል። ሰዓዳ የባንክ ማሳወቂያዎችን ወደ ሥራ አስኪያጁ ሪዳይሬክት ብታደርግ እሷ ጋ ምንም አይቀርም። ኮፒ የሚለውን ተጨማሪ ቃል ማስገባት አለባት። ደንቡ ላይ የአጻጻፍ ስህተት ቢኖርስ? አብሽሩ፣ ደብዳቤው አይጠፋም፤ ኢንቦክስ ይገባል። ዲስካርድ የሚለው ትዕዛዝ ግን እውነትም ያጠፋል፣ ለላኪውም አይነግርም። ለስፓም እንኳ ቢሆን በዲስካርድ ፋንታ ጃንክ ፎልደር ውስጥ አስገቡት።

የዕረፍት መልስ ላይ ብዙዎች ይደናገራሉ። ይመር ለመውሊድ ጀማ ንጉሥ ሲሄድ ቫኬሽን የሚለውን ደንብ ያበራል። በስሙ ለጻፈለት ሁሉ መልስ ይሄዳል። ለ«ሽያጭ» ለጻፈው ግን ምንም አይሄድም። ሲቭ ለአድራሻ ዝርዝሮችና ለጅምላ ደብዳቤዎች እንዳይመልስ ሲል የሰውየው የራሱ አድራሻ ተቀባዩ መስመር ላይ ካልተገኘ ዝም ይላል። «ሽያጭ»ም የእኔ ነው ለማለት አድሬስስ በሚለው ቃል ስር አሊያሱን መጨመር ነው። ይህን ከማድረጋችሁ በፊት ግን አስቡበት። ከድር ሥራ ላይ ሆኖ «ሽያጭ»ን እያነበበ ደንበኛው «የለሁም» የሚል መልስ ቢደርሰው ትክክል አይሆንም። እኔ ብሆን የዕረፍት መልስ በሰው ስም ብቻ እንዲቆይ አደርጋለሁ። ለአንድ ላኪ ደግሞ መልሱ በየደብዳቤው አይደጋገምም፤ ቁጥሩን ካልቀየራችሁት አብዛኛው ሰርቨር ለ7 ቀን አንዴ ብቻ ይመልሳል።

ደረጃ 5፦ ወደ ጂሜይል ፎርዋርድ ከማድረጋችሁ በፊት

ሠራተኛው ስልኩ ላይ ያለውን ጂሜይል ስለለመደ «ሁሉንም ወደዚያ ላክልኝ» ይላል። ይቻላል፤ ግን ዋጋ አለው። ሰርቨራችሁ ደብዳቤውን ሲያስተላልፍ የላኪው አድራሻ ሳይቀየር ይሄዳል። ጂሜይል የላኪውን ዶሜይን ኤስፒኤፍ (በዶሜይኑ ስም እንዲልኩ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ዝርዝር) ሲመለከት የእናንተ ሰርቨር እዚያ አልተፈቀደም፤ ምርመራውን ይወድቃል። ደብዳቤውን የሚያድነው ዲኪም የሚባለው የላኪው ሰርቨር ፊርማ ነው። እሱም የሚጸናው የተፈረመበት ጽሑፍ ካልተነካ ነው። ስለዚህ የሚተላለፍ ደብዳቤ ግርጌ ላይ የቢሮ ማስታወቂያ አትለጥፉ፣ ርዕሱንም አትቀይሩ። ኤስአርኤስ የሚባለው ዘዴ የላኪውን አድራሻ በእናንተ ዶሜይን ጽፎ የኤስፒኤፉን ችግር ያቃልላል። ለፖስትፊክስ ፖስትኤስአርኤስዲ የሚባል ፕሮግራም አለ።

ስፓም ሳይጣራ የሚተላለፍ ከሆነ ደግሞ ስሙ የሚጎድፈው የእናንተ ሰርቨር ነው። አጣርታችሁ አስተላልፉ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ስልኩ ላይ የቢሮውን ሳጥን በአይማፕ (ሳጥኑን ሰርቨሩ ላይ እንዳለ በሚያነበው መንገድ) መክፈት ነው። ደብዳቤው ከቢሮ ሳይወጣ ስልኩ ላይ ይነበባል።

እዚሁ ላይ የደህንነት ነገር ላስጠንቅቅ። የሰዓዳን ፓስወርድ የሰረቀ ሌባ መጀመሪያ ከሚያደርጋቸው ነገሮች አንዱ የማይታይ የማስተላለፊያ ደንብ መጻፍ ነው። ደረሰኝ፣ ክፍያ፣ ባንክ የሚል ቃል ያለበት ሁሉ ወደ እሱ ይሄዳል። እሷ ፓስወርዷን ብትቀይርም ደንቡ ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ ፓስወርድ ተሰረቀ በተባለ ቁጥር ሲቩንም፣ ዶት ፎርዋርዱንም፣ አሊያሱንም ክፈቱና እዩ።

ደረጃ 6፦ የጠፋውን ፈልጉ

ከመላክ በፊት መጠየቅ ይቻላል። ፖስትማፕን ከኪዩ ምልክት ጋር አስጀምራችሁ ቨርቹዋል አድራሻውን ስጡት፤ ወዴት እንደሚመራ ይነግራችኋል። ለአሊያስስ ፋይሉ ፖስትአሊያስ ያንኑ ይሠራል። ባዶ ከመለሰ ደንቡ የለም ወይም ማውጫው አልታደሰም። ኤግዚም ላይ ቢቲ የሚለው ምልክት ሙሉ መንገዱን ያሳያል።

ደብዳቤው ከተላከ በኋላ ሜይል ሎግን ክፈቱ። በተቀባዩ መስመር ላይ መጨረሻ የደረሰበት አድራሻ አለ። ኦሪጅ ቱ የሚል ካያችሁ ደግሞ ላኪው መጀመሪያ የጻፈው አድራሻ ያ ነው። ሁለቱን ስታነጻጽሩ አሊያሱ ሠርቶ እንደሆነ በአንድ እይታ ታውቃላችሁ። ዶቭኮት ተረክቧል የሚል ካለ የፖስትፊክስ ሥራ አልቋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የሲቭ ጉዳይ ነው። 5.1.1 የሚል የስህተት ቁጥር ካያችሁ ስሙ አልተገኘም ማለት ነው፤ ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ። ዴፈርድ የሚል ካለ አልጠፋም፣ ወረፋ ላይ ነው። ፖስትፊክስ ካልቀየራችሁት እስከ 5 ቀን ይሞክራል። መብራት ሄዶ ሰርቨራችሁ ቢጠፋም የላኪው ሰርቨር በዚሁ መንገድ ጠብቆ መልሶ ይልካል።

ሁለት ሰዎች አንዱ ወደ ሌላው ፎርዋርድ ቢያደርጉ ደብዳቤው ሲዞር አይኖርም። ፖስትፊክስ ዴሊቨርድ ቱ የሚል ምልክት ይለጥፍበታል። ያንኑ ስም ሁለተኛ ሲያየው «የማስተላለፊያ ዙሪት» ብሎ ለላኪው ይመልሳል።

ደረጃ 7፦ ሠራተኛ ሲለቅ

ይመር ሥራ ለቀቀ እንበል። በዚያው ቀን ፓስወርዱን ዝጉ፤ ሳጥኑን ግን አታጥፉ። ውስጡ የቢሮው ውልና ዋጋ አለ። «ሽያጭ» ላይ ስሙን አውጡና የተተኪውን አስገቡ። የእሱን ሲቭና ዶት ፎርዋርድ አጥፉ፤ አለዚያ የቢሮው ደብዳቤ ወደ ግል አድራሻው ሲሄድ ይኖራል። ከዚያ «ይመር» የሚል አሊያስ ወደ ተተኪው ክፈቱ። አሊያስ ከሳጥን ስለሚቀድም አዲስ የሚመጣው ሁሉ ወደ ተተኪው ይዞራል፣ አሮጌው ሳጥን እንዳለ ይቀመጣል። ተተኪው ለሚጽፉለት ሰዎች ወደፊት ለ«ሽያጭ» እንዲጽፉ ይንገራቸው። ለይመር የሚመጣው ሲነጥፍ አሊያሱን አውጡ። ያንን ስም ግን ለአዲስ ሠራተኛ ቶሎ አትስጡ። ለቀድሞው ሰው በግሉ የተጻፈ ደብዳቤ እንግዳ እጅ ይገባል።